ሰው ሠራሽ አስተውሎት በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ፦ ታማሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄዎች

ቀዶ ሐኪም ነኝ። አብዛኛው የሥራ ቀኔ የሚያልፈው በሐሞት ከረጢት፣ በእንቅርት፣ በቡአና በትርፍ አንጀት ነው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ለቀጠሮ የሚመጡ ሰዎች ጥያቄ ተለውጧል። ቀድሞ «ስንት ቀን እተኛለሁ?»፣ «ጠባሳው ይታያል?» ይሉኝ ነበር። አሁን አንዳንዶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የሚቀደኝ ኮምፒውተሩ ነው ወይስ አንተ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰውነቱን አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ለማን እንደሚሰጥ የማወቅ መብት አለው። ስለዚህ በየቀጠሮው የምመልሰውን እዚህ አሰባስቤዋለሁ። ከአዋጅ ቁጥር በቀር ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሮቦት ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ሐኪሙ የት ነው ያለው?

እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከታማሚው አልጋ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ነው። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት ሮቦት ዳ ቪንቺ ይባላል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለሆድ ቀዶ ሕክምና የፈቀደው በ2000 ነበር። ስሙ ሮቦት ይሁን እንጂ በራሱ ፈቃድ አንዲት ክር እንኳ አይጎትትም። ሐኪሙ መቆጣጠሪያው ፊት ተቀምጦ፣ ዓይኑን በማያው ላይ ተክሎ ጣቶቹን ሲያንቀሳቅስ፣ በታማሚው ሆድ ውስጥ ያሉት ትንንሽ መሣሪያዎች ያንኑ እንቅስቃሴ አሳንሰው ይደግማሉ። እጁ ቢንቀጠቀጥ መንቀጥቀጡን ያጣሩለታል። ፊቱን ከማያው ቢያነሳ ባሉበት ይቆማሉ። በታማሚው አጠገብ ደግሞ ሌላ ሐኪምና ነርስ መሣሪያ እየለወጡ፣ ደም እየመጠጡ ይሠራሉ።

ብዙ ሰው ሮቦትንና ሰው ሠራሽ አስተውሎትን አንድ ያደርጋቸዋል። ሮቦቱ የሐኪሙ እጅ ቅጥያ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ግን ብዙ ምስልና ብዙ መዝገብ አይቶ መለየት የተማረ ፕሮግራም ነው፤ ሮቦት በሌለበት ተራ ካሜራና ስክሪን ላይም ሊሠራ ይችላል። እንዲያውም ለእኛ ለቀዶ ሐኪሞች ትልቁን ተስፋ የያዘው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ይህ ፕሮግራም ቀዶ ሕክምናው በሚካሄድበት ጊዜ ምን ይጠቅማል?

በቅርብ ከማውቀው ልጀምር፤ የሐሞት ከረጢትን በካሜራ ከማውጣት። ሆድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች እንበሳለን። ሆዱን በካርቦን ዳይኦክሳይድ እንነፋለን። በአንደኛው ቀዳዳ ካሜራ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የክፍሉ ሰው ሁሉ የሚያየው ስክሪኑን ነው። የሐሞት ከረጢቱ ከጉበት ሥር ተለጥፎ ይታያል። ብዙ ያልታመመ ሲሆን ስስና ሰማያዊ አረንጓዴ ነው። ጠጠሩ ለዓመታት ሲያቆስለው የኖረ ከሆነ ግን የደነደነ፣ የነጣ፣ ከሞራውና ከአንጀቱ ጋር የተጣበቀ ነገር ሆኖ እናገኘዋለን።

እዚያ ቦታ ላይ መቁረጥ ያለብን ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ከረጢቱን ከዋናው የሐሞት ቱቦ ጋር የሚያገናኘውን ቀጭን ቱቦና ለከረጢቱ ደም የሚያደርሰውን የደም ቧንቧ። ዋናው የሐሞት ቱቦ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። እርሱ በስሕተት ከተቆረጠ ሐሞት ወደ ሆድ ይፈስሳል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ኢንፌክሽን ይከተላል፤ ለመጠገንም ከመጀመሪያው እጅግ የከበደ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ይህ ጉዳት የሚደርሰው ከ1,000 ታማሚዎች በ3 ወይም በ5 ሰዎች ላይ ገደማ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሐሞት ከረጢት ማውጣት በዓለም ላይ በብዛት ከሚደረጉት ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ነው። ከእነዚህ ሰዎች አንዱን አልጋው አጠገብ ቆሞ ያስታመመ ሐኪም ደግሞ «ትንሽ ነው» ማለት አይችልም።

ለምን ይደርሳል? በ2003 ሎረንስ ዌይ የተባሉ የሳን ፍራንሲስኮ ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው 252 እንዲህ ያሉ ጉዳቶችን አንድ በአንድ መረመሩ። ያገኙት መልስ ሙያውን በሙሉ አስደነገጠ፦ በ97 በመቶዎቹ ላይ ዋናው ምክንያት የእጅ ድክመት አልነበረም፤ ዓይን መታለሉ ነበር። ሐኪሙ ሊቆርጥ ያሰበውን ቆርጧል። ነገሩ ግን ያ ያሰበው አልነበረም።

በዚህ ምክንያት ነው ቀዶ ሐኪሙ ስቲቨን ስትራስበርግ ከ1995 ጀምሮ ያስተማሩት ደንብ ዛሬም የሚያገለግለን። ክሊፕ፣ ማለትም ቱቦውን ቆንጥጦ የሚዘጋ ትንሽ መቆንጠጫ፣ ከማድረጋችን በፊት ሦስት ነገር ማየት አለብን፦ በቱቦውና በጉበቱ መካከል ያለው ሦስት ማዕዘን ከስብና ከጠባሳ ጸድቶ፣ የከረጢቱ የታችኛው ሲሶ ከጉበቱ ተላቅቆ፣ ወደ ከረጢቱ የሚገቡት ነገሮች ሁለት፣ ሁለት ብቻ ሆነው። እነዚህ ካልታዩ አይቆረጥም።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። በቶሮንቶ በቀዶ ሐኪም የሚመራ አንድ የምርምር ቡድን ከ37 አገሮች የተገኙ 290 የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ቪዲዮዎችን ወስዶ፣ በሙያው የበሰሉ ሐኪሞች በምስሎቹ ላይ አደጋ የሌለበትንና አደጋ ያለበትን ቦታ እንዲያመለክቱ አደረገ። ፕሮግራሙ ከእነርሱ ምልክት ተማረ። ያልተማረበት ቪዲዮ ሲቀርብለት እርሱም በስክሪኑ ላይ እየቀባ ያሳያል፦ እዚህ መሥራት ይቻላል፣ እዚህ አትንካ።

ይህን ሥራ መጀመሪያ ባየሁ ጊዜ ትዝ ያሉኝ ያስተማሩኝ ሐኪም ናቸው። መሣሪያዬ ወደ ቱቦው ሲጠጋ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ዘርግተው «ቆይ» ይሉ ነበር። አይቆጡም፣ መሣሪያውንም አይነጥቁኝም፤ «ቆይ» ብቻ። አንድ ቀን የደነደነ ከረጢት ገጥሞኝ፣ ቱቦውን አገኘሁት ብዬ ክሊፑን ከፍቼ አስጠጋሁ። «ቆይ» አሉ። ከረጢቱን ወደ ግራ ገልብጬ ከጀርባው ያለውን ስብ ትንሽ ገፋ ገፋ ሳደርግ፣ የእኔ «ቱቦ» ወደ ከረጢቱ አይገባም፤ ሽቅብ ወደ ጉበቱ ይወጣል። ዋናው ነበር። ከጓንቴ ውስጥ እጄ ሲረጥብ ተሰማኝ። ታማሚዋ በማግስቱ ጠዋት ሻይ ጠጥታ ቤቷ ሄደች፤ የሆነውንም አላወቀችም።

እንግዲህ ለእኔ የዚህ ፕሮግራም ጥቅም ይህ ነው። እንደ እርሳቸው ያለ መምህር በእያንዳንዱ አልጋ አጠገብ፣ በሌሊትም፣ ከአዲስ አበባ ርቆም ሊቆም አይችልም። የብዙ መምህራንን «ቆይ» ሰብስቦ የያዘ ዓይን ግን ሊደርስ ይችላል። መቆሙ፣ ስቡን መግፋቱ፣ ከጀርባ ማየቱ የሐኪሙ ሥራ ሆኖ ይቀራል። ይህ ዓይነቱ እገዛ ዛሬ በአብዛኛው ገና በጥናት ላይ እንደሆነ፣ በየሆስፒታሉ እንደማይገኝም ልንገርዎ።

ሆዴ ከመከፈቱ በፊትስ?

እዚያ ሥራው ይበልጥ ተለምዷል። የሲቲ ስካንና የኤምአርአይ ምስል ማንበብን ያግዛል፤ ዕጢው ከየትኛው የደም ሥር ጋር እንደተጠጋ ቀለም ለይቶ ያሳያል፤ የማደንዘዣ ባለሙያውን ደግሞ የታማሚው የደም ግፊት ከመውደቁ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ የሚያስጠነቅቁ መሣሪያዎች አሉ።

ማሽን «አላውቅም» ማለት ይችላል?

ከሚጠየቁት ሁሉ የምወደው ጥያቄ ነው፤ የጠየቁኝ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። መልሱ፣ በደንብ ከተሠራ አዎ።

የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በ2023 ስተርጀን የተባለ ፕሮግራም ይፋ አደረጉ። የአንጎል ዕጢ በሚወጣበት ጊዜ ሐኪሙ አስቸጋሪ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ዕጢው ምን ዓይነት ነው? አንዳንዱ ዓይነት እስከ መጨረሻው ተጠርጎ መውጣት አለበት። ሌላው ትንሽ ቢቀር ብዙ ጉዳት የለውም፤ ያን ትንሽ ለማውጣት ሲባል ግን ታማሚው መናገር ወይም መራመድ ሊያቅተው ይችላል። ሙሉው የዘረመል ምርመራ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል፤ የተከፈተ ጭንቅላት ግን ቀን አይጠብቅም። ስተርጀን ከዕጢው የተወሰደ ቅንጣት ዘረመል መነበብ እንደጀመረ፣ ገና ቁርጥራጭ መረጃ ይዞ የዕጢውን ዓይነት ለመለየት ይሞክራል። በቀዶ ሕክምና ላይ እንዳሉ ከተሞከረባቸው 25 ታማሚዎች በ18ቱ ከ90 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መልስ ሰጠ። በቀሪዎቹ 7 ላይ እርግጠኝነቱ የተቀመጠለት መጠን ላይ ስላልደረሰ መልስ አልሰጠም።

እነዚያ 7 ዝምታዎች ከ18ቱ መልሶች ባልተናነሰ ያስደስቱኛል። ሐኪሙ ያኔ የራሱን ዕውቀትና የፓቶሎጂ ባለሙያውን ፈጣን ምርመራ ይዞ ይቀጥላል። ሳያውቅ የሚመልስ ማሽን ግን ሳያውቅ ከሚመልስ ሰው ይብሳል፤ ፊቱ ላይ ጥርጣሬ አይነበብምና።

ማሽን ብቻውን ቀዶ ሕክምና አድርጎ ያውቃል?

በአጥንት ላይ፣ በተወሰነ መልኩ፣ አዎ። ሮቦዶክ የተባለው ማሽን በ1992 በካሊፎርኒያ በሰው ላይ ሥራ ሲጀምር፣ ሐኪሙ አስቀድሞ ባወጣለት ዕቅድ መሠረት ለሰው ሠራሽ ዳሌ የሚሆነውን ጉድጓድ በጭኑ አጥንት ውስጥ ይቦረቡር ነበር። አጥንት ተጠፍንጎ ሊያዝ ይችላል፤ ያለበት ቦታ ይቆያል። አንጀት ግን ይንሸራተታል፣ ይተነፍሳል፣ ደም ይሸፍነዋል፤ ሲነኩት ቅርጹን ይለውጣል። ችግሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ላይ ለዓመታት ሠርተዋል። በ2022 ስታር የተባለው ሮቦታቸው በአራት አሳማዎች ላይ የተቆረጠ አንጀት በካሜራ እየታገዘ ሰፋ። በሐምሌ 2025 ደግሞ ሌላ ሮቦት፣ ከሐኪሞች ቪዲዮ ተምሮ፣ ከአሳማ በወጡ ስምንት የሐሞት ከረጢቶች ላይ ቱቦውንና የደም ቧንቧውን ለይቶ፣ ክሊፕ አድርጎ፣ ቆርጧል፤ 17 ደረጃዎች ያሉትን ይህን ሥራ በስምንቱም ላይ አሳክቷል። ሲሳሳት ራሱን ያርማል፤ በንግግርም «ግራ እጅህን ትንሽ አንቀሳቅስ» እየተባለ ይታረማል። ከሰው ይልቅ ግን ዝግ ያለ ነበር።

ትልቅ ሥራ ነው፤ አከብረዋለሁ። ይሁን እንጂ «ከአሳማ የወጣ» የሚለው ቃል እንዳያመልጥዎ። በአካል ውስጥ ያለ ከረጢት ይደማል፤ ሳንባ በተነፈሰ ቁጥር ጉበቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አሥር ዓመት የቆሰለ ከረጢት ደግሞ የመማሪያ ቪዲዮ አይመስልም። ዛሬ ያለ ሐኪም እጅና ቁጥጥር በሰው ሆድ ውስጥ ቀዶ ሕክምና የሚያደርግ ማሽን በሆስፒታል አገልግሎት ላይ የለም።

በሮቦት መሠራት በተራው ካሜራ ከመሠራት ይሻላል? ከፍዬ ውጭ አገር ልሂድ?

እንደ ሕመሙ ነው። ሮቦት ጠባብ ቦታ ላይ ለሐኪሙ ምቾት ይሰጣል። ነገር ግን በ2017 የታተመ፣ በ10 አገሮች 471 የፊንጢጣ አንጀት ካንሰር ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት፣ ቀዶ ሕክምናውን ሆድ ከፍቶ ለመጨረስ የተገደዱት በሮቦት 8.1 በመቶ፣ በተራ ካሜራ 12.2 በመቶ እንደነበሩ አሳየ፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አልተለየም። ለሐሞት ከረጢት ብለው ቤት ሸጠው ሮቦት ፍለጋ አይሂዱ። ያንን ቀዶ ሕክምና አዘውትሮ የሚሠራ ሐኪም ይፈልጉ።

ማሽኑ የተማረው ነጮችን አይቶ ከሆነ ለእኛ ይሠራል?

ይህ ሥጋት ተጨባጭ ነው። በጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ያውቁታል፤ ልብስ መቆንጠጫ የምትመስለውን። በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት፣ መለኪያው ደህና ነው እያለ በደም ምርመራ ግን ኦክስጅን አንሶ የተገኘባቸው ጥቁር ታማሚዎች ድግግሞሽ ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። መለኪያው ብርሃን በቆዳ አሳልፎ ነው የሚያነበው፤ የቆዳ ቀለም ንባቡን ያዛባዋል። ይህን ያህል ቀላል መሣሪያ፣ ለዓመታት በየሆስፒታሉ ስንሠራበት ኖረን!

በሆድ ውስጥ የቆዳ ቀለም ጉዳይ አይሆንም፤ የበሽታው መልክ ግን ይሆናል። በአገራችን አንጀት ተዘግቶ ከሚመጡት መካከል ትልቁ አንጀቱ የተጠማዘዘበት ሰው ብዙ ነው፤ በምዕራብ አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ግን ይህ ብዙ አይታይም። እንቅርትም እንዲሁ ነው። እዚያ በአልትራሳውንድ የምትገኝ ትንሽ እብጠት ሆና ትወጣለች። እኛ ዘንድ አንዲት እናት ሃያ ዓመት በነጠላዋ ሸፍና ኖራ፣ የመተንፈሻ ቧንቧዋ ወደ ጎን ተገፍቶ፣ ጋደም ማለት ሲያቅታት ትመጣለች። እንዲህ ያለ አንገት ውስጥ የድምፅ ነርቭ በመጽሐፉ ባለበት ቦታ አይገኝም። የእነዚህን ሰዎች ምስል ያላየ ፕሮግራም እነርሱን ሊረዳ አይችልም። የእኛ ቀዶ ሕክምናዎች በታማሚው ፈቃድ እየተቀረጹ፣ በእኛ ሐኪሞች ምልክት እየተደረገባቸው ለትምህርት መዋል አለባቸው ብዬ አጥብቄ የማምነው ለዚህ ነው።

ቪዲዮዬ ከተቀረጸስ ማን እጅ ይገባል?

ይጠይቁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በኢትዮጵያ ወጥቷል፤ የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት አንዱ ነው። ለሕክምና መፍቀድና ለምርምር መፍቀድ ሁለት የተለያዩ ፊርማዎች መሆን አለባቸው። ሁለተኛውን እምቢ ቢሉ ሕክምናውን ሊከለከሉ አይገባም።

ማሽኑ ቢሳሳት ተጠያቂው ማን ነው?

ሐኪሙ። ይህን የምለው ኩባንያዎችን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ መሣሪያው ጉድለት ካለበት አምራቹ፣ ባልተፈተሸ መሣሪያ ካሠራ ሆስፒታሉም ይጠየቃል። ነገር ግን ከታማሚው ጋር የተነጋገረው፣ «እኔ እሠራልሃለሁ» ያለው ሐኪሙ ነው። ስክሪኑ አረንጓዴ ቀብቶ ነበር ብሎ ቤተሰብ ፊት መቆም አይቻልም። በነሐሴ 2024 ሥራ ላይ መዋል የጀመረው የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግም ለሕክምና መሣሪያነት የሚውሉ አብዛኞቹን ፕሮግራሞች ከፍተኛ ሥጋት ካላቸው መድቦ፣ ሰው እንዲቆጣጠራቸው ያስገድዳል።

ሐኪሞች በማሽን ከተደገፉ እጃቸው አይላላም?

ሊላላ ይችላል፤ ይህን ከመደበቅ መናገር ይሻላል። በፖላንድ አራት ማዕከላት የተደረገና በ2025 የታተመ ጥናት ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚመረምሩ ልምድ ያላቸው ሐኪሞችን ተመለከተ። ወደ ካንሰር ሊለወጡ የሚችሉ እባጮችን የሚጠቁም ፕሮግራም ከመምጣቱ በፊት ሐኪሞቹ በራሳቸው ዓይን ከመረመሯቸው ሰዎች በ28.4 በመቶዎቹ ላይ እባጭ ያገኙ ነበር። ፕሮግራሙን ከለመዱ በኋላ፣ ያለ ፕሮግራሙ ሲመረምሩ ያገኙት በ22.4 በመቶዎቹ ላይ ብቻ ሆነ። ጥናቱ ምልከታ እንጂ ሙከራ ስላልሆነ ሌላ ምክንያት ሊኖርበት ይችላል። እኔን ግን አሳስቦኛል።

አንድ የማሠለጥነው ወጣት ሐኪም «ታዲያ ለምን እንለፋለን?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። መብራት ስለሚጠፋ ነው አልኩት። እውነቴን ነው፤ ስክሪኑ የሚጠፋበት ሌሊት ይመጣል፤ ያን ጊዜ ሆዱን ከፍቶ ቱቦውን በጣቱ የሚለይ ሐኪም ያስፈልጋል። ስለዚህ እኔ ዘንድ የሚማር ሰው መጀመሪያ በራሱ ዓይን አይቶ ቱቦው የቱ እንደሆነ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሌላ አስተያየት የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ ወደ ክፍላችን ሲመጣም ቅደም ተከተሉ ይኸው እንዲሆን እፈልጋለሁ።

በኢትዮጵያ ይህ ቴክኖሎጂ ቅንጦት አይደለም?

ጥያቄው ያመኛል፤ ግማሽ እውነት አለበትና። በ2015 የወጣው፣ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ሪፖርት፣ በዓለም ላይ 5 ቢሊዮን ሰዎች አስተማማኝና አቅማቸው የሚፈቅደው ቀዶ ሕክምና በሚያስፈልጋቸው ጊዜ እንደማያገኙ አስቀምጧል። የእኛ ሰው በብዛት ከእነርሱ መካከል ነው። የጤና ሚኒስቴር በ2016 ሕይወትን በአስተማማኝ ቀዶ ሕክምና የማዳን መርሐ ግብር የጀመረው ይህን ለመለወጥ ነበር። ኦክስጅን፣ ደም፣ ውኃ፣ የማይቋረጥ መብራትና የማደንዘዣ ባለሙያ በሌለበት ክፍል ውስጥ ስክሪን የሚቀባ ፕሮግራም ማምጣት ጣሪያውን ከመሠረቱ በፊት እንደመሥራት ነው።

ግማሹ ደግሞ ሐሰት ነው። በገጠር ሆስፒታል በሌሊት ምጥ የጸናባትን እናት የሚቀዱት፣ የፈነዳ ትርፍ አንጀት የሚያወጡት በአብዛኛው የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ናቸው። ሥልጠናቸው የተጀመረው በ2009 ነው። ስንት ነፍስ እንዳተረፉ ሳስብ ልቤ ይሞላል። ብዙ ጊዜ ግን ብቻቸውን ናቸው። የአልትራሳውንድ ምስል የሚያነብላቸው፣ «ይህን እዚያው ሥራ፣ ያንን በአምቡላንስ ላክ» የሚል ሁለተኛ ዓይን ከማንም በላይ የሚጠቅመው እነርሱን ነው። በቶሮንቶ ያለ ሐኪም ከጎረቤት ክፍል ባልደረባውን መጥራት ይችላል፤ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ግን የሚጠራው የለውም።

ልጄ አሜሪካ ሐኪም ነው። ከዚያ ሆኖ በሮቦት ሊሠራኝ ይችላል?

እማማ፣ ነገሩ ተደርጎ ያውቃል። መስከረም 7 ቀን 2001 ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ዣክ ማሬስኮ ኒው ዮርክ ተቀምጠው፣ በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የተኙ የ68 ዓመት ሴት የሐሞት ከረጢት በሮቦት አውጥተዋል። እጃቸውን ባንቀሳቀሱ ጊዜና እንቅስቃሴውን በስክሪን ባዩ ጊዜ መካከል የነበረው መዘግየት በአማካይ 155 ሚሊሰከንድ ነበር። ያ ግን ለዚያ ቀን በተለየ ጥንቃቄ የተዘጋጀ መስመር ነበረው፤ መስመሩ ቢቋረጥ የሚረከቡ ሐኪሞችም በታማሚዋ ራስጌ ቆመው ነበር። ልጅዎ የሲቲ ስካን ምስልዎን አይቶ ከእኔ ጋር በስልክ ቢመክር ግን ደስ ይለኛል። እርሱ ዛሬውኑ የሚቻል ነው።

ስልኬ ላይ ያለውን ፕሮግራም ጠየቅሁት፤ «ትርፍ አንጀት አይመስልም» አለኝ። ልመነው?

አይመኑት። ሆድዎን አልዳሰሰም። ሕመሙ ከእምብርት ተነሥቶ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ከወረደ፣ ሲያስልዎ ከወጋዎ፣ ምግብ ካስጠላዎ ሌሊትም ቢሆን ይምጡ።

ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቅ?

«ይህን ቀዶ ሕክምና ስንት ጊዜ ሠርተዋል?» ብለው ይጠይቁ፤ ጥሩ ሐኪም አይቀየምም። «በፕሮግራም ወይም በሮቦት የሚታገዙ ከሆነ የትኛውን ክፍል ይሠራል? ቢበላሽስ?» ይበሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ቱቦውን መለየት ካቃተዎት ምን ያደርጋሉ?» ብለው ይጠይቁ። ሆድ ከፍቼ እጨርሳለሁ፣ የከረጢቱን ከፊል ብቻ አውጥቼ አቆማለሁ፣ ወይም የበላይ ባልደረባ እጠራለሁ የሚል መልስ ካገኙ በልበ ሙሉነት ይፈርሙ። «እኔን አያቅተኝም» ካለዎት ሌላ ሐኪም ያማክሩ።

ማደንዘዣው ሲወስደኝ አጠገቤ ማን ይኖራል?

ሰዎች። የማደንዘዣ ባለሙያው ከራስጌዎ አይለይም፤ ነርሷ ፋሻና መርፌ ስትቆጥር ይሰማዎታል፤ እኔም ጭንብል አድርጌ እቆማለሁ፣ ዓይኔን ያውቁታል። እንቅልፍ ሳይወስድዎ ስምዎን፣ ምንዎ እንደሚቀደድና በየትኛው ጎን እንደሆነ እንጠይቅዎታለን፤ ከዚያ በፊት በክፍሉ ሌላ ሰው ቢጠይቅዎትም እንኳ። ይህ ከዓለም ጤና ድርጅት የማረጋገጫ ዝርዝር የመጣ ነው፤ አንዲት ገጽ ወረቀት። የታንዛኒያዋ ኢፋካራ በምትገኝባቸው ስምንት ከተሞች፣ በስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 በወጣው ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርደው ተገኝተዋል። ኮምፒውተር የለበትም፤ ሰዎች እርስ በርስ ጮክ ብለው ይጠያየቃሉ እንጂ።

ስለዚህ ጥያቄው ቢሰለችዎም ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይመልሱልን። ምልክት ያደረግነው በቀኝ ሆኖ እርስዎ «በግራ ነው» ካሉ ክፍሉ በሙሉ ይቆማል፤ መዝገቡና ፊልሙ እንደገና እስኪታይ ድረስ ምላጭ የሚያነሳ ሰው አይኖርም።